ዳይስ በእጅ ሲሠራ፦ የትኛው ነጥብ የት ይቀመጣል?

የሉዶ ሰሌዳ አይጠፋም። ጠጠሮቹ ቢጎድሉ በአዝራር ወይም በባቄላ ይተካሉ። ሁሌ የሚጠፋው ዳይሱ ነው። ሶፋ ሥር ይገባል፤ ከምንጣፍ ጋር ተራግፎ ውጭ ይወድቃል፤ ሕፃን ኪስ ውስጥ ከብስኩት ፍርፋሪ ጋር ይከርማል። እኛ ቤት የጠፋው በፋሲካ ማግስት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ጨዋታው በጋለበት ሰዓት ነበር።

«ምን ችግር አለው፣ እኔ እሠራለሁ» አልኩ። ጉራ ነበር። ከተሰበረ የወንበር እግር ላይ ቁራጭ ቆርጬ፣ በእስክሪፕቶ ነጥብ ነጥብ አድርጌ አቀረብኩ። አክስቴ እቴቴ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አገላበጡት። «አንተ ልጅ፣ አንድና ስድስትን ጎረቤት አደረግሃቸው እኮ!» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አልገባኝም ነበር። ነጥብ ነጥብ ነው፤ የት ቢቀመጥ ምን ለውጥ አለው?

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ሙከራ የወጣው ዳይስ አጭበርባሪ ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው የወጡት እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። ከስህተቴ ጭምር የተማርኩትን እነሆ።

መጀመሪያ በቃሉ እንስማማ

ዳይስ ስል ያንን ባለ ስድስት ገጽ ኩብ ማለቴ ነው። ስሙ ሲጠራ ቁማር ትዝ የሚለው ሰው አለ፤ እኔ የማወራው ስለ ሉዶ ነው። ኩቡ 6 ገጽ፣ 12 ጠርዝና 8 ማዕዘን አለው። ገጹ ላይ ያለው ምልክት ነጥብ ነው። ከ1 እስከ 6 ያሉትን ብትደምሩ በአንድ ዳይስ ላይ 21 ነጥብ ታገኛላችሁ። ይቺን ቁጥር ያዟት። ሥራው ሲያልቅ ቆጥራችሁ 20 ወይም 22 ከመጣ፣ የሆነ ቦታ እጃችሁ ስቷል።

«ነጥብ» የምትለው ቃል ግን ትንሽ ጣጣ አላት። ጨዋታ ላይ «ስንት ነጥብ አለህ?» ስንባባል ውጤት ማለታችን ነው። እዚህ ነጥብ ስል ገጹ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ ነው። ዳይሱ ሲቆም ከላይ የሚታየውን «የወጣው» እለዋለሁ። ሰውም «ስድስት ወጣልኝ» ነው የሚለው።

ሰሌዳው ላይ የሚሄደው ነገር ጠጠር ነው። የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ቤት። ይህ ከሉዶም ያልፋል። ዳማ በቆርኪ ስንጫወት ቆርኪውን ጠጠር እንለዋለን። ገበጣ ላይማ ጠጠሩ እውነተኛ ጠጠር ነው። ቼዝ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ጠጠር የራሱን ስም ያወጣል፤ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ፈረስ፣ ወታደር እያለ ይቀጥላል። ሰንጠረዥ በሚባለው በድሮው የኢትዮጵያ ቼዝ ላይ ንግሥት የምትባል አልነበረችም። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ ነበር፤ የሚሄደውም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በሰያፍ አንድ ቤት ዘሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ወረራ የሚባል ምዕራፍ ነበረው፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ከዳይሱ ወጣሁ መሰለኝ። እንመለስ።

የሰባት ሕግ

እቴቴ የሳቁብኝ በዚህ ነው። በዳይስ ላይ ጀርባ ለጀርባ ያሉ ሁለት ገጾች ሲደመሩ 7 ይሆናሉ። የ1 ጀርባ 6 ነው። የ2 ጀርባ 5። የ3 ጀርባ 4። ስለዚህ አንድና ስድስት በፍጹም ጎን ለጎን አይገናኙም፤ ሁሌም ዳርና ዳር ናቸው።

ይህ ሕግ አንድ ጥሩ ዘዴ ይሰጠናል። ዳይስ ስትገዙ አንዱን ማዕዘን ወደ ዓይናችሁ አዙሩ። በአንድ ጊዜ ሦስት ገጾች ይታዩዋችኋል። ከሦስቱ ሁለቱ ሲደመሩ 7 ከሆኑ ዳይሱ በትክክል አልተሠራም። አንድ ዓይነት ቁጥር ሁለት ቦታ ካያችሁ ደግሞ ጭራሽ ተዉት። ከዚህ የባሰ ማታለያም አለ። ሦስት ቁጥር ብቻ ተመርጦ፣ እያንዳንዱ ከነጀርባው ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ከአንድ ወገን ያየ ሰው ምንም አይታየውም፤ ምክንያቱም ፊቱንና ጀርባውን በአንድ ጊዜ የሚያይ ዓይን የለም። ስለዚህ ሁሌም ገልብጣችሁ እዩ።

ሕጉ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ስድስቱን ቁጥሮች በአንድ ኩብ ላይ በ30 የተለያየ መንገድ ማስቀመጥ ይቻላል። የሰባትን ሕግ የሚጠብቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ 1ን ከ2፣ 3ን ከ4፣ 5ን ከ6 ጀርባ ለጀርባ ያደረጉ ዳይሶች ብዙ ነበሩ። ዕድሉ ላይ ለውጥ የለውም፤ ኩቡ ትክክል እስከሆነ ድረስ እያንዳንዱ ቁጥር ከ6 አንዴ የመውጣት ዕድል አለው። የሰባት ሕግ የሚጠቅመው ኩቡ ትክክል ባልሆነ ጊዜ ነው። ዳይሱ በአንድ በኩል ጠፍጠፍ ቢል ትልቁና ትንሹ ቁጥር አብረው ይበዛሉ እንጂ ትልልቆቹ ብቻ አይከማቹም። አማካዩ ብዙም አይዛባም።

አሁን «ሁለቱ» ያልኳቸው በምን ይለያያሉ? በዙር። 1ን ወደ ላይ፣ 2ን ወደ ራሳችሁ አድርጉ። 3 በቀኝ በኩል ከሆነ ዳይሱ በምዕራባውያን ልማድ የተሠራ ነው፤ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ በማዕዘኑ ዙሪያ ስትሄዱ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ትዞራላችሁ። 3 በግራ ከሆነ በቻይና የተለመደው ነው። የቻይናውን በሌላም ታውቁታላችሁ፤ የ1 ነጥብ ትልቅና ቀይ ነው፤ አራቱም የ4 ነጥቦች ቀይ ናቸው። ለሉዶ የትኛውም ይሆናል።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ። 2 እና 3 በሰያፍ ስለሚቀመጡ ሰያፉ ወደየትኛው ማዕዘን እንደሚያዘነብል መምረጥ ይቻላል። የ6 ሁለት ረድፎችም ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ ይተኛሉ። እነዚህ ምርጫዎች ሁለቱን ዙሮች ወደ 16 ዓይነት ዳይስ ያሳድጓቸዋል። ይህን የምነግራችሁ አንድ ጥቅም ስላለው ነው፤ ጎረቤት የራሱን ዳይስ ይዞ መጥቶ ሲቀላቀልባችሁ የእናንተን በሰያፉ ትለዩታላችሁ።

ሥራው

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ባለ 3 ሚሊ መሰርሰሪያ፣ ሹል ሚስማር፣ የእንጨት ኮላ፣ ቨርኒሽና የጥፍር ቀለም። ስቴኪኒም አትርሱ።

1. እንጨቱን ምረጡ። ጠንካራና ጉጥ የሌለው ይሁን። ወይራ ምርጥ ነው፤ ለመጋዝ ግን ያስቸግራል። ዋንዛ ለጀማሪ ይቀላል። ሰፈራችሁ ካለው አናጺ ዘንድ ሄዳችሁ ውፍረቱ 20 በ20 ሚሊ፣ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዱላ አስልጉ። ይህን እሱ በማሽን ቢሠራው ይሻላል። እኔ በእጄ ልልግ ብዬ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

2. ቁረጡ። ከዱላው ጫፍ 21 ሚሊ ለክታችሁ በአራቱም በኩል መስመር አስምሩ። በአንዱ በኩል ብቻ አስምሮ መጋዙን ማመን አይሠራም፤ መጋዝ ያዘነብላል። ሁሉንም ወገን በየተራ ጥቂት ጥቂት እየነካችሁ ቁረጡ። ትርፏ 1 ሚሊ ለብርጭቆ ወረቀቱ ናት።

3. አለስልሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኩቡን በአንድ እጅ ይዞ ወረቀቱን ላዩ ላይ ሲያሻሽ ነው። እንዲያ ከሆነ ጠርዙ ይበላል፣ መሃሉ ያብጣል። የሚሻለው ተቃራኒው ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን መስታወት ወይም ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ኩቡን ላዩ ላይ አስቀምጡና ጣታችሁን መሃሉ ላይ አድርጋችሁ በክብ አሽከርክሩት። አምስት ዙር፣ ከዚያ ኩቡን ሩብ ታዞሩታላችሁ፣ እንደገና አምስት።

4. ለኩ። ከሁሉም ደረጃዎች እኔ የማከብረው ይሄንን ነው። ኩቡን በሦስቱም አቅጣጫ ለኩት፤ ከላይ ታች፣ ከግራ ቀኝ፣ ከፊት ኋላ። ልዩነቱ ከ0.2 ሚሊ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ካሊፐር፣ ማለትም ውፍረት በትክክል የሚለካ መሣሪያ፣ ካላችሁ ተገላገላችሁ። ከሌለ አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ጎን ለጎን ለጥፉ፤ መሃላቸው ያለው ክፍተት ኩቡን ጠበቅ አድርጎ የሚያሳልፍ ይሁን። ኩቡን በአንድ አቅጣጫ አሳልፉት። ከዚያ ገልብጡትና በሁለተኛው፣ በሦስተኛው። በአንዱ እየተንሸራተተ በሌላው ከተቀረቀረ ረዝሟል ማለት ነው፤ በዚያ በኩል አለስልሱት።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለምንድነው? ዳይሱ 20 በ20 በ19 ሆኖ ከቀረ አጭሯ ልኬት ጫፍና ጫፍ ያሉት ሁለት ገጾች ከሌሎቹ ሰፋ ይላሉ። ዳይስ በሰፊው ገጹ መተኛት ይወዳል። እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ይበዛሉ። በዚህ መንገድ ሆን ብለው የሚያጭበረብሩ ሰዎችም አሉ። በዓይን አይታይም።

5. ጠርዙን አለዝቡ። ሹል ጠርዝ ጣት ይወጋል፣ ጠረጴዛም ይጭራል። ግን እየቆጠራችሁ ሥሩ። በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ አሥር ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ አምስት ጊዜ። አንዱን ማዕዘን ከሌላው ይበልጥ ማክበብ ዳይሱን ወደዚያ እንዲንከባለል ማስተማር ነው።

6. ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉ። መሰርሰሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ስድስቱንም ገጾች በአሃዝ ሙሉ። 1 ላይ። 2 ወደ እናንተ። 3 በቀኝ። ከዚያ 6 ሥር፣ 5 ከኋላ፣ 4 በግራ። አሁን እያገላበጣችሁ ሰባት ሰባት መምጣቱን አረጋግጡ። እርሳስ ይጠፋል፤ ቀዳዳ አይጠፋም።

7. ነጥቦቹን አስምሩ። ገጹ 20 ሚሊ ነው። ከአንዱ ጠርዝ ጀምራችሁ በ5፣ በ10 እና በ15 ሚሊ ላይ ሦስት መስመር አስምሩ። አዙራችሁ ሌላ ሦስት። መስመሮቹ 9 ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ሁሉም ነጥብ ከእነዚህ 9 መገናኛዎች አይወጣም። ለ1 መሃሉን ብቻ። ለ2 በሰያፍ የሚተያዩ ሁለት ማዕዘኖችን። ለ3 እነዚያኑ ሁለትና መሃሉን። ለ4 አራቱን ማዕዘን። ለ5 አራቱን ማዕዘንና መሃሉን። ለ6 በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት፤ መሃለኛው መስመር ባዶ ይቀራል። ይህን ያህል ነው። በግምት ከተሠራ ግን አምስቱ እንደ ተበተነ በቆሎ ይሆናል።

8. ቦርቡሩ። መጀመሪያ በሚስማር ጫፍ መገናኛውን ወጋ አድርጉ፤ ያኔ መሰርሰሪያው አይንሸራተትም። ጥልቀቱ 1 ሚሊ ይበቃል። መሰርሰሪያው ጫፍ ላይ፣ 1 ሚሊ ትታችሁ፣ ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ አቁሙ። ኩቡን ደግሞ በጣታችሁ አትያዙት፤ በሁለት ጣውላ መሃል አጣብቁት። ጣት ላይ የመጣ መሰርሰሪያ ለማንም አይመለስም።

አጭበርባሪው ዳይሴ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። 1ን ስቦረቡር እንጨቱ ተሰነጠቀ። መጣል አሳዘነኝ። ኮላ ቀብቼ በትንሽ ሚስማር ሰፋሁት፤ ራሱን ቀብሬ በእንጨት ዱቄትና በኮላ ደፈንኩት። ከላይ ሲታይ ምንም አይመስልም። ሚስማር ግን ብረት ነው፤ ብረት ከባድ ነው። የሆነውን ወደ ታች አጫውታችኋለሁ።

9. ቀለም። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ኩቡን በስሱ ቨርኒሽ ቀብታችሁ አድርቁ። መጋዝ የቆረጣቸው ሁለት ገጾች ቀለም እንደ ስፖንጅ ይጠጣሉ፤ ያለ ቨርኒሽ ነጥቡ ይንቦረቀቅና ሸረሪት ይመስላል። ከዚያ በስቴኪኒ ጫፍ የጥፍር ቀለም እያነሳችሁ በየጉድጓዱ አንድ ጠብታ ጣሉ። ሞልቶ ከወጣ አትጥረጉት። ይድረቅና በብርጭቆ ወረቀት አንዴ ታሹታላችሁ።

የቀዳዳው ክብደትስ?

ይህ ብዙ የሚያከራክር ነገር ነው። 6 የተቦረቦረበት ገጽ ስድስት ጉድጓድ አጥቷል፤ 1 ያጣው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የ6 ወገን ይቀላል፤ የ1 ወገን ወደ ታች ይወርዳል፤ 6 ይበዛል። ነገሩ እውነት ነው። ግን እናስላው። 3 ሚሊ ስፋትና 1 ሚሊ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ 7 ሚሊ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በስድስትና በአንድ መካከል ያለው ልዩነት 35 ገደማ ይሆናል። ሙሉው ኩብ 8,000 ነው። ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በእጅ የተሠራ ዳይስን የሚያበላሸው ይህ ሳይሆን የልኬት መዛባት ነው። ለዚህ ነው ደረጃ 4 ላይ ያንን ያህል ያደረቅኋችሁ።

የካዚኖ ዳይስ የሚሠሩት ግን ይቺንም አያልፏትም። ዳይሱ 19 ሚሊ ገደማ ነው፤ ውስጡ እንዲታይ ግልጽ በሆነ ፕላስቲክ ይሠራል፤ ጠርዙ ሹል ነው። ነጥቡ ተቦርቡሮ ከወጣው ፕላስቲክ ጋር እኩል በሚከብድ ነገር ይሞላና ከገጹ እኩል ይደለደላል። እናንተም ከፈለጋችሁ የእንጨቱን ዱቄት ከኮላ ጋር ለውሳችሁ ጉድጓዶቹን ሙሉና ላዩን ቀለም ቀቡ።

ማጣራት

ፈጣኑ ፈተና በውኃ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ውኃ አድርጉና ዳይሱን ጣሉት። ዋንዛ ይንሳፈፋል። ወይራ ከሰመጠ፣ ወይም የተገዛ የፕላስቲክ ዳይስ ከሆነ፣ እስኪንሳፈፍ ድረስ በማንኪያ ጨው እየጨመራችሁ አሟሙ። አንዳንድ ፕላስቲክ ጨውም ቢበዛ አሻፈረኝ ይላል። ከተንሳፈፈ ግን በጣት እየነካካችሁ አሽከርክሩት። ሁሌ ያው ቁጥር ወደ ላይ የሚመጣ ከሆነ የጀርባው ወገን ከባድ ነው። የእንጨት ዳይስን ቶሎ አውጡት፤ ያብጣል።

የውኃው ፈተና ግን አንዳንዴ ጥርጣሬ ያበዛል። ትንሿን ልዩነት ሁሉ ያሳያል፤ ጠረጴዛ ላይ ግን ያቺ ልዩነት ምንም ላትሠራ ትችላለች። ፍርዱ የሚሰጠው በመጣል ነው። 120 ጊዜ ጣሉ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የወጣውን በወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። እያንዳንዱ ቁጥር 20 ጊዜ አካባቢ መምጣት አለበት፤ ልክ 20 መሆን ግን የለበትም። ከዚያ እንዲህ አስሉ፤ ለየቁጥሩ ከ20 ያለውን ልዩነት በራሱ አባዙ፣ ስድስቱን ደምሩ፣ ድምሩን ለ20 አካፍሉ። ከ11 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ11 ካለፈ ተጠራጠሩ። ንጹሕ ዳይስም ከ20 ጊዜ አንዴ ገደማ ከ11 ሊያልፍ ስለሚችል ሳትፈርዱ አንዴ ድገሙት።

ባለ ሚስማሩ ዳይሴ ከ1 እስከ 6 ያመጣው 8፣ 19፣ 20፣ 18፣ 19፣ 36 ነበር። ልዩነቶቹ 12፣ 1፣ 0፣ 2፣ 1፣ 16 ናቸው። በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ 406። ለ20 ሲካፈል 20.3። ስድስት በየደቂቃው የሚወጣው ለካ በእኔ ዕድል አልነበረም! ሚስማሩ 1ን ወደ መሬት ይጎትተዋል፤ 6 ከላይ ይስቃል። ያለ ሚስማር የሠራሁት ደግሞ 23፣ 17፣ 20፣ 15፣ 24፣ 21 አመጣ። ስሌቱ 3 ይሆናል። እሱ አለፈ።

ነጥብ የግድ ነው እንዴ?

አይደለም። ሉዶ እ.ኤ.አ. በ1896 እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት የተመዘገበለት ቢሆንም ሥሩ ፓቺሲ የሚባለው የሕንድ ጨዋታ ነው። እዚያ የሚጣለው ዛጎል ነው፤ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ያረፉት ይቆጠራሉ። ሮማውያን ከኩቡ ሌላ የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት ይጥሉ ነበር። አጥንቱ የሚተኛው በአራት ወገን ብቻ ስለሆነ ዋጋው 1፣ 3፣ 4 እና 6 ነው።

እኔ ለልጆች ብዬ አንዱን ዳይስ በግዕዝ ቁጥር ቀርጬዋለሁ፤ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬፣ ፭፣ ፮። ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ለመዱት። ምክሬ ግን ኩቡን 25 ሚሊ አድርጉት ነው፤ የላይና የታች ሰረዙ በትንሽ ገጽ ላይ ከፊደሉ ጋር ይደበላለቃል። ለቅርጽ ስለት ያለው ቢላ ያስፈልጋል፤ እሱን ለልጅ አትስጡ።

ገጻቸው ከስድስት የሚበልጥም የሚያንስም አሉ። ባለ 4፣ ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12 እና ባለ 20 ገጽ ዳይሶች ሰው ሁሉ ዘንድ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣው፣ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ከሚባለው የምናብ ጨዋታ ወዲህ ነው፤ ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ የግሪክ ፊደል የተቀረጸበት ባለ 20 ገጽ የጥንት ግብፅ ዳይስ አለ። እነዚህን በእጅ መሥራት አልመክርም፤ ግዟቸው። ስትገዙ ግን ምልክታቸውን ማንበብ እወቁ።

የጨዋታ መመሪያ ላይ «2ዲ6» የሚል ካያችሁ «ባለ 6 ገጽ ዳይስ 2 ጊዜ ጥለህ ደምር» ማለት ነው። «3ዲ8+2» ከሆነ ባለ 8ቱን ሦስት ጊዜ ጥላችሁ ድምሩ ላይ 2 ጨምሩ። ባለ 20 ገጹ ላይ የጀርባ ለጀርባ ድምር 21 ነው፤ ባለ 8ቱ ላይ 9፣ ባለ 12ቱ ላይ 13። ከ6 ወይም ከ9 ሥር ሰረዝ ወይም ነጥብ ካለ ቁጥሩ ሲገለበጥ እንዳይምታታ የተደረገ ነው፤ ሰረዙ ሁሌ የቁጥሩ እግር ነው። ባለ 10ሩ ከ0 እስከ 9 ይጻፍበታል፤ 0 ብዙውን ጊዜ 10 ተብሎ ይነበባል። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ በግዕዝ የሚሠራው ሰው በቀጥታ ፲ ይቅረጽ። ባለ 4ቱ ደግሞ ግራ ያጋባል፤ ሲቆም ከላይ የሚታየው ገጽ ሳይሆን ሹል ጫፍ ነው። ሦስቱም የሚታዩ ገጾች ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፤ እሱን አንብቡ። ከ2 እስከ 64 እየተባዛ የሚሄድ ቁጥር ያለበት ኩብ ካገኛችሁ ደግሞ አትጣሉት። ባክጋሞን የሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ ኩብ ነው፤ ውርርዱ ስንት እጥፍ እንደደረሰ ለማሳየት ብቻ ይገለበጣል።

ከመጫወታችሁ በፊት

ዳይስ በትክክል ተሠርቶም ጠብ አይቀርም። ስለዚህ ሦስት ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ። አንደኛ፣ ዳይሱ ከጽዋ ወይም ከኩባያ ይጣል፤ በጣት አንሸራቶ ማስቀመጥ መጣል አይደለም። የቡና ሲኒ ግን ተዉ፤ እኛ ቤት ሁለት ሲኒ በዚህ ሄዷል። ሁለተኛ፣ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ተደግፎ ያጋደለ ዳይስ አይቆጠርም፣ እንደገና ይጣላል። ሦስተኛ፣ ከጠረጴዛ የወደቀው ይቆጠር ወይስ ይደገም? የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ግን ከመውደቁ በፊት።

ጠጠር ለማውጣት ስድስት ሲጠበቅ ሰው ዳይሱን ማማት ይጀምራል። እቴቴ አሥር ጊዜ ጥለው ስድስት ሳይወጣላቸው ቀርቶ «ይሄንንም ሚስማር መትተህበታል» ብለውኛል። አልመታሁበትም። በንጹሕ ዳይስ አሥር ጊዜ ጥሎ አንድም ስድስት ያለማግኘት ዕድሉ 16 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ ነው። ስሌቱን በወረቀት አሳየኋቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው እግሩ የሚወላገደው ጠረጴዛ ሥር አደረጉት።

የመጨረሻዋ ደረጃ ደግሞ ይቺ ናት። ከ30 ሴንቲ ሜትር ዱላ ከአሥር በላይ ዳይስ ስለሚወጣ አንድ ብቻ ሠርታችሁ አታቁሙ። ሦስት አራት ሥሩና ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። እኔ ቤት አራት ነበሩ። ሁለቱ አሉ። አንዱ ጠፍቷል። አንዱን እቴቴ በመሐረባቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውት ሄደዋል፤ «ለሚቀጥለው ፋሲካ ይዤው እመጣለሁ፤ እናንተ ዘንድ አያድርም» ብለው።